ምት በኮምፒዩተር ሲቃና

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ክርክር በተነሣ ቁጥር ነገሩ የሚያጠነጥነው በቅኝት ላይ ነው። ትዝታው ተበላሸ፣ አንቺሆዬው የፈረንጅ ሆነ፣ ኪቦርዱ የክራሩን ድምፅ ዋጠው እንላለን። እውነትነት አለው። ኪቦርድ ድምፆችን በአሥራ ሁለት እኩል ደረጃ ከፋፍሎ ስለሚያቀርብ፣ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ አንሸራቶ የሚያገኛቸው የመካከል ድምፆች ቦታ ያጣሉ። ይሁን እንጂ ለቅኝት ቢያንስ ስም አለን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን እንጠራቸዋለን፤ ስም ስላላቸውም ሲጎድሉ እናውቃለን። ድምፁ በየትኛው ቅጽበት ላይ ያርፋል? ምን ያህል ይዘገያል? ምን ያህልስ ይቀድማል? ለሚለው ጉዳይ ግን ይህን የመሰለ የጠራ ስም የለንም። «ለዛ አለው»፣ «እጁ ይጣፍጣል»፣ «ትከሻ ያስነሣል» ብለን እናልፈዋለን። ፈረንጆቹ «ግሩቭ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ስም የሌለው ንብረት ሲጠፋ ደግሞ ለፖሊስ ማመልከት እንኳ ያስቸግራል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ይኸው ጠፊ ነገር ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ሸቀጥ ተደርድሮ መገኘቱ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የሚቀዳ የአማርኛ ዘፈን በአብዛኛው የሚሠራው ተጫዋቾቹ በአንድ ክፍል ተሰብስበው ሳይሆን፣ አንድ አቀናባሪ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረበ ነው። አቀናባሪው ምቱን በኪቦርድ ይመታል፤ ኮምፒዩተሩ ያቃናለታል፤ የተቃናው ነገር ደረቅ ሲሆንበት ደግሞ ከሌላ ሰው ምት የተቀዳ «ግሩቭ» ያለብሰዋል። እኛ አድማጮች የምንሰማው ይህን ሦስተኛውን ነገር ነው። ለመሆኑ ምንድን ነው?

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጸው። የተመቱት ኖታዎች በስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ሆነው ይታያሉ። ከበስተጀርባቸው እንደ ሒሳብ ደብተር ካሬ ካሬ የሆነ መስመር ተሠምሯል። የሰው እጅ የመታው ኖታ ከመስመሩ ጥቂት ቀድሞ ወይም ጥቂት ዘግይቶ ያርፋል። «ኳንታይዝ» የሚባለው ትእዛዝ ሲሰጥ ሁሉም ሳጥኖች ዘለው ከየቅርባቸው መስመር ላይ ይለጠፋሉ። እኔ ይህንን ማቃናት እለዋለሁ፤ የጠመመ እንጨት እንደሚቃና ማለት ነው። እንጨቱ ቀድሞውንም ጠማማ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን ማሽኑ አይጠይቅም።

ማቃናቱንና ማወዛወዙን በአንድ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ያቀረበው አንድ ሰው ነው። ሮጀር ሊን የተባለ አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋችና የመሣሪያ ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1980 «ኤልኤም-1» የተሰኘውን የድራም ማሽን አወጣ። ከእውነተኛ ድራም የተቀዱ ድምፆችን የያዘው ይህ ማሽን ተጫዋቹ የመታውን ወደ ልኩ ይመልስ ነበር። ሊን ግን ልኩ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቶት «ስዊንግ» የተባለ መቆጣጠሪያ ጨመረበት። በኋላ ከጃፓኑ አካይ ኩባንያ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው «ኤምፒሲ 60» ውስጥም ይኸው ሐሳብ ቀጠለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ከሚመጡት አጫጭር ምቶች መካከል የመጀመሪያው ባለበት ይቆያል፤ ሁለተኛው ይዘገያል። 50 በመቶ ሲባል ሁለቱ እኩል ናቸው። 66 በመቶ ሲባል የፊተኛው የኋለኛውን እጥፍ ይረዝማል። ጨዋታው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ቁጥሩን እንየው። አንድ ዘፈን በደቂቃ 90 ምት ይጓዛል እንበል። እያንዳንዱ ምት አራት ቦታ ቢከፈል አንዷ ክፍል 167 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ትሆናለች። ስዊንጉን ከ50 ወደ 54 ብናደርገው ሁለተኛዋ ምት የምትዘገየው 13 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ይህ ማለት ከበሮ መቺው ከእኛ አራት ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ድምፁ ለመድረስ ከሚወስድበት ተጨማሪ ጊዜ ጋር አንድ ነው። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ከፊተኛው ወደ ሦስተኛው ጠረጴዛ እንደ መዛወር ያለ ነገር! ነገር ግን ይህቺው ኢምንት ጊዜ በየምቱ ስትደጋገም ሰውነት ያውቃታል። ጆሮ ከመቁጠሩ በፊት ትከሻ ይቆጥራታል።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ሊን ያደረገው አንድን የሙዚቃ እውቀት በቁጥር መግለጽ ነው፤ ያውም በአግባቡ። ጉድለቱ ቁጥሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሪበርግና ሰንድስትሮም የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች የጃዝ ድራም ተጫዋቾችን ሲለኩ ያገኙት የረጅሙና የአጭሩ ምት ንጽጽር እንደ ፍጥነቱ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው። ሙዚቃው ሲዘገይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ከሦስት ለአንድ በላይም ይደርሳል። ሙዚቃው ሲፈጥን ወደ እኩልነት ይጠጋል። ተጫዋቹ ይህንን ሳያስበው ያደርገዋል። ማሽኑ ግን 62 በመቶ ከተባለ ፍጥነቱ ቢጨምርም ቢቀንስም 62 በመቶ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ከዚህ የተራቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የበርሊኑ «ኤብልተን ላይቭ» እ.ኤ.አ. በ2009 በስምንተኛው እትሙ «ግሩቭ ፑል» የሚባል ክፍል አበጀ። ከዚያም በፊት ይህን መሰል ነገር በሌሎች ሶፍትዌሮች ነበር። አንድ የተቀዳ የድራም ቁራጭ ትሰጡታላችሁ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዷ ምት ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀች፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታች ይለካል። ከዚያ ድምፁን ይተውና ልኩን ብቻ ያስቀምጣል። ልብስ ሰፊ የአንድን ሰው ትከሻ፣ ደረትና ወገብ ለክቶ ቁጥሩን በደብተሩ እንደሚጽፍ ያህል ነው። ከዚያ ያንን ልክ እናንተ ለመታችሁት ለማናቸውም ኖታ ታለብሱታላችሁ፤ ሙሉ በሙሉ ወይም በመቶኛ ቀንሳችሁ። ሰውዬው ሄዷል፤ ልኩ ቀርቷል።

ልብሱ ይስማማል ወይ? ብዙ ጊዜ አይስማማም ባይ ነኝ። አንደኛው ምክንያት ልኩ የተወሰደው ከአንድ ወይም ከሁለት ባር በመሆኑ ነው። ድራም ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት የዘገየው ዘፋኙ ትንፋሽ ስለወሰደ፣ ወይም ባስ ተጫዋቹ ስለቀደመው ሊሆን ይችላል። መዘግየቱ መልስ ነበር። ጥያቄው ተቆርጦ መልሱ ብቻ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ምን ይባላል? እቤታችን የመጣ እንግዳ ማንም ሳያናግረው በየሁለት ደቂቃው «እውነትህን ነው» ቢል የምንጨነቀውን ያህል መጨነቅ ይገባን ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከፋል። አቀናባሪው አንድ ግሩቭ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ያለብሰዋል፤ ለድራሙም፣ ለባሱም፣ ለክራሩም፣ ለኪቦርዱም። በዚህ ጊዜ ሁሉም ተያይዘው ይዘገያሉ፣ ተያይዘው ይቀድማሉ። ካሬው ጎበጠ እንጂ ካሬነቱ አልቀረም። እኔ እንደማዳምጠው የአንድ ባንድ ውዝዋዜ በአንዱ ተጫዋች እጅ ብቻ የሚኖር አይደለም፤ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ባለች ክፍተትም ይኖራል። ቻርልስ ኪል የተባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፉ ሙዚቃ ኃይል የሚያገኘው ተጫዋቾች እርስ በርስ በጥቂቱ ባለመገጣጠማቸው ነው ብሎ የተከራከረው ይህንኑ ነው። ለሁሉም አንድ ልክ ስታለብሱ ያችን ክፍተት ትደፍኗታላችሁ።

ሦስተኛ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ደግሞ «ራንደም» ነው፤ ኖታዎቹን በዘፈቀደ ማንገዳገድ። ሰው ስለሚሳሳት ስሕተት ጨምሩበትና ሰው ይሆናል የሚል አስተሳሰብ ነው። የሰው ስሕተት ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሆልገር ሄኒግና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ የተጫዋች መዛነፍ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ አሁን የዘገየበት ሁኔታ ብዙ ምቶች ካለፉ በኋላም ዱካው ይታያል። አድማጮችም በዘፈቀደ ከተንገዳገደው ይልቅ እንዲህ የተያያዘውን መርጠዋል። ሰካራም ሲሄድ እንኳ ወደየት እንደሚያዘነብል ያስታውቃል።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሙዚክ ፐርሴፕሽን» በተባለው መጽሔት የወጣ የዴቪስ፣ የማዲሰንና የባልደረቦቻቸው ጥናት አጫጭር የድራም ምቶችን ለአድማጮች አሰምቶ ነበር። ውጤቱ ለእኔ ዓይነቱ ተሟጋች የሚያስደስት አይደለም። መዛነፉ በጨመረ ቁጥር አድማጮቹ የሰጡት ነጥብ ቀነሰ፤ ልክ የገባው ምት ከተዛነፈው አላነሰም። ስለዚህ መዛነፍ በራሱ ጸጋ ነው ብሎ መስበክ አይቻልም። ያልሠለጠነ ተጫዋች ምቱን ሲስት ለዛ አለው ማለት ቀልድ ነው፤ አገራችን ውስጥ «ባህላዊ ነው» በሚል ሽፋን የሚቀርብ ስንት ያልተጠና ጨዋታ አለ! ጥናቱ የሞከረው ግን ሙሉ ዘፈን አልነበረም፤ ዘፋኝም ባስም በሌሉበት አጫጭር ምት ብቻውን ነው። ያ ደግሞ እኔ ከላይ ያልኩትን ክፍተት አይለካም።

በማሽን ላይ ሆኖ ይህንን ክፍተት ያገኘ ሰው አለ። ጄምስ ያንሲ ይባላል፤ በሙዚቃ ስሙ ጄ ዲላ። የዲትሮይት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በ32 ዓመቱ፣ «ዶናትስ» የተሰኘ አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ይሠራበት የነበረው «ኤምፒሲ 3000» ዛሬ በዋሽንግተን በአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ብዙ ሰው ዲላ ማቃኛውን አጥፍቶ በእጁ ስለመታ ነው እንዲያ የጣፈጠው ይላል። ዳን ቻርናስ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ እሱ ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ከግማሽ እውነት እንደማያልፍ አስረድቷል። ዲላ አንዱን ድምፅ ቀጥ አድርጎ ሌላውን ያወዛውዘዋል፤ አንዱን ጥቂት ያስቀድማል፣ ሌላውን ጥቂት ያዘገያል። ቀጥ ያለውና የሚወዛወዘው ጊዜ በአንድ ዘፈን ውስጥ ይጣላሉ። ማለትም ማሽኑን ተጠቅሞ ለሁሉም አንድ ልክ አላለበሰም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን ልክ ሰጠ። በዚህ የተነሣ በሥጋና በደም ያሉ ድራም ተጫዋቾች እሱን ለመምሰል ሲለማመዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዲአንጀሎ «ቩዱ» አልበም ላይ የሚሰማው የኩዌስትላቭ ድራም ከዚሁ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ዛሬ «የዲላ ግሩቭ» ተብለው የሚሸጡ ፋይሎች አሉ። አንድ ጊዜ ተጭኗቸው ሁሉንም ኖታ ተያይዞ ሲያንገዳግዱት መስማት ለሰውየው ሥራ ከሁሉ የከፋው ምስጋና ይመስለኛል።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ችክችካ በወረቀት ላይ ስድስት ስምንተኛ ተብሎ ይጻፋል። በዚያ ሒሳብ ረጅሙ ምት የአጭሩ እጥፍ ነው፤ ሁለት ለአንድ፤ በሊን ቋንቋ 66 በመቶ። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ያምናል። የድሮዎቹን ቅጂዎች አድምጡና ፍረዱ። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የአምሃ ሪከርድስ ባሳተማቸው ሸክላዎች ላይ፣ ባንዱ በአንድ ክፍል አብሮ ተቀድቶ፣ የሚቆጥርለት ክሊክ በጆሮው ሳይኖር፣ አጭሩ ምት አንዳንዴ ወደ ፊት ተጎትቶ እኩል ሊሆን ይቃረባል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወደ ኋላ ተገፍቶ የሚቀጥለውን ምት ሊነካ ይደርሳል። ጆሮዬ እንደሚነግረኝ በሦስትና በሁለት መካከል የሚዋልል ነገር ነው፤ እስክስታውም የሚኖረው በዚሁ ውልላታ ውስጥ ነው። የትግርኛውን ከበሮ ደግሞ አንዳንዶች በአምስት ይቆጥሩታል፣ ሌሎች አንካሳ ሁለት ነው ይላሉ። በኮምፒዩተር ላይ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ከተመረጠ በኋላ ክርክሩ ይዘጋል። አቀናባሪው ካሬውን በመረጠባት በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚወሰን ሳስብ ይገርመኛል።

ፍጥነትም እንዲሁ ነው። በማኅሌት ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ነገሩ በቁም ዜማ ይጀምራል፤ ወደ ዝማሜ፣ በከበሮና በጸናጽል ወደ መረግድ፣ በመጨረሻም ወደ ጽፋቱ ጭብጨባ ሲያልፍ ፍጥነቱ እየጋለ ይሄዳል። የሠርግ ዘፈንም፣ የአዝማሪ ጨዋታም እንዲሁ እያደር ይፈጥናል። ኮምፒዩተሩ ፍጥነት መለዋወጥ አይችልም አላልኩም፤ ይችላል። ግን ሥራ ይጠይቃል፤ በጀትና ቀጠሮ በሚያጣድፈው ስቱዲዮ ውስጥ ያንን የሚሠራ ጥቂት ነው። 92 ተብሎ የተጀመረ ዘፈን በ92 ያልቃል። ከዚያ ሁሉ በኋላ መጨረሻ ላይ ከበሮ መቺ ይጠራል። አራት ባር ይመታል፤ ከአራቱ ሁለቱ ይመረጣሉ፤ ሁለቱ ይቃናሉ፤ የተቃኑት ሁለቱ ለአራት ደቂቃ ይደጋገማሉ፤ ደረቅ ሆነ ሲባል ከአንድ የአሜሪካ ፈንክ የተለካ ግሩቭ ይለብሳሉ። ከበሮ መቺው የራሱን እጅ ይዞ መጥቶ የሌላ ሰው እጅ ተገጥሞለት ይወጣል።

ማሽን ሁሉ ጠላት ነው የሚል አንባቢ ካለ የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» እንዲያዳምጥ እጋብዘዋለሁ። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ ያወጡትን «ቸ በለው» የሰማ ሰው ኦርጋኑ ከባሱና ከድራሙ ጋር እንዴት እንደሚሳሳብ ያውቃል፤ ኃይሉ በዚያ ውስጥ የሚደገፍበት ሕያው ጓደኛ አለው። ወደ አሜሪካ ሄዶ ከቀረ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ብቻውን ተቀምጦ፣ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንቴሳይዘርና የድራም ማሽን ይዞ ካሴት ቀዳ። «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲያወጣው በዓለም ዙሪያ ተደመጠ።

ያ የድራም ማሽን እንደ ሰዓት ቀጥ ያለ ነው። ሰው ለመምሰል አንድም ጊዜ አይሞክርም። አኮርዲዮኑ ግን አይከተለውም። ወናፉ አየር እስኪሞላ ድረስ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ይለጠጣል፤ ማሽኑ ሁለት እርምጃ ሲሄድ እሱ አንዷን ድምፅ እየጠመዘዘ ይቆያል፤ ከዚያ የቀረችውን ሐረግ በጥድፊያ አራግፎ ከማሽኑ ጋር እኩል ይደርሳል። አዝማሪ ግጥም ሲረዝምበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ካሴቱ ባንዱን ያጣ ሰው ሥራ መሆኑ በየደቂቃው ይሰማል፤ ያ ብቸኝነት ራሱ ሙዚቃ ሆኗል። አስቡት እስቲ፤ አንድ የዛሬ ባለሙያ ይህን ካሴት ተቀብሎ አኮርዲዮኑን ወደ መስመሩ ቢያቃናው፣ ወይም ማሽኑን በግሩቭ ቢያወዛውዘው ምን ይቀራል? በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይጠፋል፤ የሚቀረው የሆቴል አሳንሰር ሙዚቃ ነው። ለእኔ የማሽን ምትን ከነደረቅነቱ ማቆምና ፊት ለፊቱ ነፃ እጅ ማቆም፣ ሁሉንም በተዋሰ ልክ ከማለስለስ አሥር እጥፍ ይሻላል።

የመጨረሻው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከጄምስ ብራውን ጋር «ፈንኪ ድራመር»ን የቀዳው ክላይድ ስተብልፊልድ በዚያ ዘፈን ላይ የመታት አጭር የድራም ክፍል በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዘፈኖች ተቆርጣ ተወስዳለች። የዘፈኑ ደራሲ ተብሎ ስላልተመዘገበ ከዚያ ሁሉ ተገቢውን ድርሻ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ። እዚያ እንኳ ድምፁ ራሱ ስለተወሰደ የእሱ መሆኑ ይታወቅ ነበር። በግሩቭ ጊዜ የሚወሰደው ልኩ ብቻ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ፊት የለውም። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙንና የድምፅ ቅጂውን ይጠብቃል፤ ከአንድ ከበሮ መቺ እጅ የወጡ ሠላሳ ሁለት ቁጥሮች ግን በእኔ ንባብ በአዋጁ ውስጥ መጠለያቸው ግልጽ አይደለም።

ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጉራጌ፣ ከትግራይ ከበሮ መቺዎች የተለካ ልክ በኮምፒዩተር ውስጥ ቢገባ እኔ አልቃወምም፤ እንዲያውም ከፈረንጁ ፈንክ ይሻላል። ግን ሁለት ባር አይበቃም። ከመነሻው ዝግታ እስከ መድረሻው ግለት ያለው ሙሉ ጨዋታ፣ ዘፋኙና አጨብጫቢዎቹ ለየብቻ በተተከለ ማይክሮፎን ሆነው አብረው ይቀዱ፤ ማን ማንን እንደጠበቀ እንዲታወቅ። ፋይሉም የመቺውን ስም፣ የመጣበትን ወረዳና የተቀዳበትን ዓመት ይያዝ፤ ሲሸጥም መቺው ይከፈለው። አሁን በየስቱዲዮው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ፋይሎች «ችክችካ 1»፣ «ችክችካ 2» ከሚል በቀር በላያቸው ላይ የተጻፈ ነገር የለም።